«ጠንካራ» ማለት ምን ማለት ነው?
(ስለ ጠጣር ነገሮች ጠባይ)

ግዙፍ ነገር ሁሉ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ተብሎ እንደሚከፈል ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ተምረናል። ጠጣር ማለት የራሱ ቅርጽና የራሱ ይዘት ያለው ነው ተብለን፥ ያንኑ በቃላችን አጥንተን ፈተናውን አልፈናል። ነገር ግን ድንጋይም ጠጣር ነው፤ ወርቅም ጠጣር ነው፤ ጎማም፣ ጠመኔም፣ አጥንትም፣ ብርጭቆም ጠጣር ናቸው። አንዱ ሲመታ ይሰበራል፤ ሌላው ሲመታ ይሳሳል፤ ሦስተኛው ጎብጦ ይመለሳል። እንግዲህ በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ነገሮች ይህን ያህል የተለያዩት ስለ ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው።

ነገሩ የክፍል ውስጥ ጥያቄ ብቻ እንዳይመስለን። ከራሳችን በላይ ያለው ጣራ፥ የምንሳፈርበት አውቶቡስ፥ የምንሻገርበት ድልድይ የቆመው በጠጣር ነገሮች ጠባይ ላይ ነው። ያን ጠባይ ያላወቀ ሠሪ ወይም ዐውቆ የዘነጋ ተቆጣጣሪ የሚያስከፍለው ዋጋ የሰው ሕይወት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ) አንድ ቃል፥ አራት ጠባይ

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እንመልከት። በአማርኛ አልማዝ ጠንካራ ነው እንላለን፤ ብረት ጠንካራ ነው እንላለን፤ ጠፍርም ጠንካራ ነው እንላለን። ይሁን እንጂ አልማዝን በመዶሻ ቢመቱት ይፈረካከሳል፤ ጠፍርን ግን ሲመቱት ቢውሉ አይሰበርም። በሌላ በኩል አልማዝ መስተዋትን ይጭራል፤ ጠፍር ግን ሰምን እንኳ በደንብ አይጭርም። ስለዚህ «ጠንካራ» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ጠባዮችን በአንድ ላይ ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው። ለጊዜው እንዲህ ብለን ብንለያቸው መልካም ይመስለናል።

አንደኛው አልጫር ባይነት ነው። ይኸውም በሌላ ነገር ሲፋቅ ወይም ሲቧጨር ያለመቆረጥ ጠባይ ነው።

ሁለተኛው ግትርነት ነው። ይኸውም ኀይል ሲያርፍበት ያለመርዘም፣ ያለማጠርና ያለመጉበጥ ጠባይ ነው።

ሦስተኛው ብርታት ነው። ይኸውም ከመሰበሩ ወይም ለዘለቄታው ከመጣመሙ በፊት ሊሸከም የሚችለው የኀይል መጠን ነው።

አራተኛው አልሰበር ባይነት ነው። ይኸውም ስንጥቅ ቢያገኘው እንኳ ስንጥቁ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንዳይሮጥ የሚያግድ ጠባይ ነው።

ብርጭቆ ግትር ነው፤ ነገር ግን አልሰበር ባይ አይደለም። ጎማ አልሰበር ባይ ነው፤ ነገር ግን ግትርነት የለውም። ከነዚህ ጠባዮች አንዱን ስለያዘ ብቻ ሌላውንም ይዟል ብሎ መገመት ብዙ ጥፋት አስከትሏል፤ ምሳሌውን ወደ በኋላ እናያለን።

ለ) የጠጣር ነገር ውስጠኛ አሠራር

ጠጣር ነገር ሁሉ ከአቶሞች የተሠራ ነው። በብረት ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች አቶሞች የሚራራቁት ከአንድ ሚሊ ሜትር አራት ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። በአብዛኞቹ ጠጣሮች ውስጥ አቶሞቹ እንዲሁ አልተከመሩም፤ በወታደር ሰልፍ አምሳል በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ሰልፍ ክሪስታል እንለዋለን። መስተዋት ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ አቶሞቹ እንደ ፈሳሽ ሥርዓት ሳይኖራቸው ባሉበት የረጉ ናቸው።

ይህን በዐይናችን ልናይ የምንችልበት ነገር በየማጀቱ አለ፤ እርሱም ጨው ነው። ጥቂት የጨው ቅንጣቶች ጥቁር ወረቀት ላይ አድርገን በማጉያ መነጽር ብንመለከታቸው ብዙዎቹ ማዕዘናቸው ቀጥ ያለ ትናንሽ ሣጥኖች መስለው ይታያሉ። አንዷን ቅንጣት በቢላዋ ጫፍ ብንሰብራት ስብርባሪዋም እንደገና ሣጥን ሣጥን ይመስላል። ከአፋር በረሃ፥ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ሜዳ እየተቆረጠ በግመል ወደ ደጋው ሲወጣ የኖረውና በቀድሞ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌም የተሠራው ከነዚሁ ቅንጣቶች ነው።

ጨው ለምን በሣጥን መልክ ይሰበራል? መልሱ የተገኘው በ1912 ጀርመናዊው ማክስ ፎን ላውኤ የኤክስሬይ ጨረር በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት እንደሚበታተን ካሳየ በኋላ ነው። በተከታዩ ዓመት በ1913 እንግሊዛውያኑ አባትና ልጅ፥ ዊሊያም ሄንሪ ብራግና ዊሊያም ሎረንስ ብራግ፥ በዚሁ ዘዴ የጨውን አቶሞች አቀማመጥ ደረሱበት። የሶዲየምና የክሎሪን አቶሞች እየተፈራረቁ በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተደርድረው ተገኙ። ሁለቱ በ1915 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ልጁ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ ይህም እኛን ተማሪዎችን ሊያበረታታ የሚገባ ነው።

የአቀማመጥን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ካርቦን ነው። አልማዝም የእርሳስ እምብርት የሚሠራበት ግራፋይትም ሁለቱም ንጹሕ ካርቦን ናቸው። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በየአቅጣጫው በጽኑ ተሳስሯል። በግራፋይት ውስጥ ግን አቶሞቹ በስስ ገበታ ላይ ተሳስረው፥ ገበታዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረዋል፤ በገበታና በገበታ መካከል ያለው ማሰሪያ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ በእርሳስ ስንጽፍ ገበታዎቹ እየተንሸራተቱ በወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። ልዩነቱ በአቶሙ ዓይነት አይደለም፤ በአተሳሰሩ ነው።

ሐ) መጫርና መሳብ

አልጫር ባይነትን በመለኪያ ያሰለፈው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ ነው። በ1812 ዐሥር ማዕድናትን መርጦ ከለስላሳው ታልክ ጀምሮ እስከ አልማዝ ድረስ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ሰጣቸው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሌላውን የጫረ ይበልጣል፥ የተጫረ ያንሳል። የጣታችን ጥፍር በዚህ መለኪያ 2 ተኩል ያህል ሲሆን ጂፕሰም 2፥ ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲመረጥ እናቶቻችን የሚመለከቱት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ በቀላሉ የሚጫር ድንጋይ ራሱ ተፈጭቶ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃልና።

የግትርነትን ሕግ ያገኘው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። ሽቦ ወይም ሞላ ስንስብ የሚረዝመው ልክ በሳብነው ኀይል መጠን ነው፤ ኀይሉ እጥፍ ሲሆን መርዘሙም እጥፍ ይሆናል፤ ስንለቀውም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁክ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈርቶ ሕጉን በ1676 ያሳተመው ፊደሎቹን አመሰቃቅሎ በእንቆቅልሽ መልክ ነበር፤ ፍቺውን የሰጠው በ1678 ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ነገር የየራሱ የግትርነት ቁጥር አለው፤ ይህም ቁጥር በቶማስ ያንግ ስም ይጠራል።

ርዝመቱ 1 ሜትር፥ የአፉ ስፋት 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ሽቦ ሰቅለን 10 ኪሎ ብናንጠለጥልበት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይረዝማል። ያው መጠን ያለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ሽቦ ግን በሦስት እጥፍ ይረዝማል። የሚያስገርመው መስተዋት በግትርነቱ ከአሉሚኒየም ጋር እኩል ለእኩል መሆኑ ነው። ስለዚህ ከአሉሚኒየም ድስትና ከብርጭቆ የትኛው ቢወድቅ ይሻላል ብለን ብንጠይቅ ግትርነት መልሱን አይሰጠንም፤ መልሱ ያለው በአራተኛው ጠባይ በአልሰበር ባይነት ውስጥ ነው።

መ) የአክሱም ሐውልት ሒሳብ

ስለ ብርታት ስንናገር ሁልጊዜ «በምን አቅጣጫ?» ብለን መጠየቅ አለብን። አንድ ጠመኔ አቁመን በጣታችን ከላይ ወደ ታች ብንጫነው በቀላሉ አይሰበርም። ያንኑ ጠመኔ በሁለት እጃችን ይዘን ብናጎብጠው ግን ወዲያው ቀጭ ይላል። ሲጎብጥ አንዱ ጎኑ ይጨመቃል፤ ሌላው ጎኑ ይወጠራል፤ የሚሰነጠቀውም በሚወጠረው ጎን ነው። ድንጋይ፣ ሸክላ፣ ጡብና ሲሚንቶ ሁሉ ይህን ጠባይ ይጋራሉ። ጭምቀትን ይችላሉ፤ ውጥረትን ግን አይችሉም። ጥሩ ጠጣር ድንጋይ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ከ1,000 ኪሎ በላይ ጭምቀት ሲሸከም፥ በውጥረት ግን 100 ኪሎ ያህል ሲደርስ ሊበጠስ ይችላል።

ይህን ይዘን ወደ አክሱም እንሂድ። ከሐውልቶቹ ሁሉ ትልቁ ርዝመቱ 33 ሜትር፥ ክብደቱም 520 ቶን ያህል እንደሆነ ይገመታል። ዛሬ ተሰባብሮ በምድር ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ብዙ ሊቃውንት ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ይገምታሉ። እኛ እዚህ የምንጠይቀው የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ የራሱን ክብደት መሸከም ይችላልን?

ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት አለው ብለን፥ የአንድ ሜትር ኩብ ድንጋይም 2.7 ቶን ይመዝናል ብለን እናስላ። ሐውልቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም በግርጌው ላይ የሚያርፈው 33 በ2.7 ተባዝቶ 89 ቶን በካሬ ሜትር፥ ማለት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 9 ኪሎ ያህል ነው። ድንጋዩ ከ1,000 በላይ ሊሸከም ሲችል 9 ማለት ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ ሐውልት በራሱ ክብደት ይደቃል ብሎ የሚሰጋ አይኖርም።

አሁን ደግሞ ያንኑ ድንጋይ አጋድመን በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ደግፈን መካከሉን ባዶ ብንተወውስ? ውፍረቱን 2 ሜትር ከ35 ሳንቲም ብለን በመጉበጥ ሕግ ስናሰላው፥ በታችኛው ፊቱ መካከል ላይ የሚፈጠረው ውጥረት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 94 ኪሎ ያህል ሆኖ ይገኛል። ይህም ከመበጠሻው ልክ አጠገብ ነው። ያው ድንጋይ፥ ያው ክብደት፤ ሲቆም መቶ እጥፍ ትርፍ ብርታት አለው፥ በሁለት ጫፍ ተደግፎ ሲጋደም ግን በሞትና በሕይወት መካከል ነው።

እንግዲህ የጥንቶቹ ሠራተኞች ጭንቀት ድንጋዩን በማቆሙ ብቻ ሳይሆን ከመጋደም ወደ መቆም በሚያልፍባት ጊዜም ነበር ማለት ነው። በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው፥ ርዝመቱ 24 ሜትር የሆነው ሐውልት በ2005 በአውሮፕላን የተመለሰው በሦስት ክፍል ሆኖ ነው፤ ዳግመኛ የቆመውም በ2008 ነው። በዘመናችን መሣሪያ እንኳ ያን ያህል ጥንቃቄ ከጠየቀ፥ ያለ ሞተር ያቆሙት አባቶች ስለ ድንጋይ ጠባይ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

መጠን ሲያድግ አደጋው አብሮ እንደሚያድግ ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። የአንድን ነገር ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት ሁሉ እጥፍ ብናደርግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን፥ የሚሸከመው የአፉ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በትንሹ የቆመ ሁሉ በትልቁ ይቆማል ማለት አይደለም። የዝሆን እግር እንደ ሚዳቋ እግር ቀጭን ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ሠ) ቀጥቃጩ የሚያውቀው ምሥጢር

ድንጋይ ሲበዛበት ይሰበራል፤ ብረታ ብረት ግን አስቀድሞ ይታጠፋል። አንድ ግራም ወርቅ ሲቀጠቀጥ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ሊሸፍን ይችላል። ይህ ጠባይ ከየት መጣ?

በ1926 ሩሲያዊው ያኮቭ ፍሬንክል አንድ ረድፍ አቶም በሌላው ረድፍ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲንሸራተት ምን ያህል ኀይል እንደሚያስፈልግ አሰላ። ሒሳቡ የሰጠው ቁጥር ንጹሕ ብረታ ብረት በእውነት ከሚታጠፍበት ኀይል በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ሆነ። ስለዚህ ወይ ሒሳቡ ተሳስቷል፥ ወይም ረድፎቹ በአንድ ጊዜ አይንሸራተቱም ማለት ነው።

መልሱን በ1934 ጄፍሪ ቴይለር፣ ኤጎን ኦሮዋንና ማይክል ፖላኒ ለየብቻቸው አገኙት። አንድ ትልቅ ምንጣፍ ጫፉን ይዘን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመጎተት ብንሞክር ይከብደናል። በአንደኛው ጫፍ እጥፋት ሠርተን ያችን እጥፋት በእግራችን እየገፋን ወደ ሌላው ጫፍ ብንወስዳት ግን ምንጣፉ ያለ ብዙ ድካም ፈቀቅ ይላል። በብረት ውስጥም እንዲሁ የአቶሞቹ ሰልፍ የተዛነፈባቸው መሥመሮች አሉ፤ ዲስሎኬሽን ይባላሉ። ብረት ሲታጠፍ የሚንቀሳቀሱት እነዚህ መሥመሮች ናቸው። በ1956 ካምብሪጅ ውስጥ ተመራማሪዎች እነዚሁ መሥመሮች ሲንቀሳቀሱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩአቸው።

እንግዲህ ብረትን ማበርታት ማለት እነዚህ መሥመሮች እንዳይንቀሳቀሱ መንገዳቸውን መዝጋት ማለት ነው። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስናጥፍ መጀመሪያ ለስላሳ የነበረው እየደረቀ የሚሄደው መሥመሮቹ በዝተው እርስ በርሳቸው ስለሚጠላለፉ ነው፤ ጨርሰው ሲታገዱ ሽቦው ይበጠሳል። በእሳት ብናግለው ጥልፍልፉ ይፈታና ይለሰልሳል።

ቀጥቃጩም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ካርቦን ያለበትን ብረት በወናፍና በከሰል እስኪቀላ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው፥ የካርቦኑ አቶሞች ለመውጣት ጊዜ አጥተው በብረቱ አቶሞች መካከል ተወትፈው ይቀራሉ። የመሥመሮቹ መንገድ ይዘጋል፤ ቢላዋውም አልጫር ባይ ይሆናል። ነገር ግን መታጠፍ የማይችል ብረት መሰበር ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ብልኅ ባለ እጅ እዚያ ላይ አያቆምም፤ እንደገና ለስለስ ባለ እሳት ያሞቀዋል። የተወለወለው ብረት ፊት በመጀመሪያ የገለባ ቀለም፥ ቀጥሎ ሰማያዊ ሲሆን አይቶ ያወጣዋል። ያ ቀለም ከ220 እስከ 300 ዲግሪ ያህል ያለውን ሙቀት የሚነግር ቴርሞሜትር ነው። ከአልጫር ባይነቱ ጥቂት ሰጥቶ ብዙ አልሰበር ባይነት የሚገዛበት ንግድ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ኅብረተሰባችን ለብዙ ዘመን «ቡዳ» እያለ ሲሸሸው ኖሯል። ሸክላ ሠሪዋም የደረሰባት ይኸው ነው። ፊዚክስ እየተማርን ፊዚክስን በእጁ የሚሠራውን ብንንቅ ትምህርታችን ምን ረባን?

ረ) ስንጥቅ የሚባለው ጠላት

ጨርቅ ነጋዴ አቡጀዲ ሲሸጥ ዳሩን በመቀስ ጥቂት ቆረጥ ያደርግና በሁለት እጁ ይዞ ሸር ያደርገዋል። ያች ትንሽ ቁራጭ ባትኖር ጉልበቱ ሁሉ ባልበቃው ነበር። መስተዋት ቆራጭም መጀመሪያ በአልማዝ ይጭርና ቀጥሎ ቀጭ ያደርገዋል። ሁለቱም የሚጠቀሙበት ሕግ አንድ ነው፤ ኀይል በስንጥቅ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ስንጥቁ በረዘመና ጫፉ በሾለ መጠን በዚያች ነጥብ ላይ የሚያርፈው ኀይል ይበዛል።

እንግሊዛዊው አላን ግሪፊዝ በ1920 ይህን በመስተዋት ክር መረመረው። ክሩ እየቀጠነ በሄደ መጠን በካሬ ሳንቲ ሜትር የሚሸከመው ኀይል እየጨመረ ሄደ፤ ምክንያቱም በጣም ቀጭን ክር ትልቅ ስንጥቅ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ስለዚህ መስተዋት ደካማ የሆነው በተፈጥሮው ሳይሆን በያዛቸው ስንጥቆች ምክንያት ነው። አንድ ስንጥቅ የተወሰነ ርዝመት እስኪደርስ ይታገሣል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ማንም ሳይነካው በራሱ ይሮጣል።

ይህን ሕግ የናቁ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ታሪክ ይመሰክራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ መርከቦችን በብዛትና በፍጥነት ስትሠራ ብረቱን በሪቬት ማያያዝ ትታ በብየዳ ማያያዝ ጀመረች። በጥር 1943 ስኬነክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ ማዕበል በሌለበት፥ በኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ወደብ ቆማ ሳለች፥ በብርድ ምሽት ድንገት በታላቅ ድምፅ ከመካከሏ ተሰነጠቀች። ሌሎች መርከቦችም ተከትለው ተሰበሩ። የካምብሪጅ ተመራማሪዋ ኮንስታንስ ቲፐር የብረቱን ጠባይ መርምራ ምሥጢሩን ገለጸች፤ ያ ዓይነት ብረት በሙቀት ጊዜ ቢታጠፍም ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ተሰባሪ ይሆናል። ብየዳውም መርከቧን አንድ ወጥ ስላደረጋት፥ አንድ ጊዜ የተነሣ ስንጥቅ የሚያቆመው ድንበር ሳያገኝ ከዳር እስከ ዳር ይሮጥ ነበር። ብረቱ ብርታት አላነሰውም፤ ያነሰው አልሰበር ባይነት ነው።

በ1954ም ኮሜት የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች፥ አንዱ በጥር አንዱ በሚያዝያ፥ በሰማይ ላይ ተበታትነው 56 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎች አንድ ሌላ ኮሜት በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አግብተው በውስጡ ያለውን ግፊት ደጋግመው ከፍና ዝቅ አደረጉ፤ በመጨረሻ አካሉ በመክፈቻ ጥግ ተተረተረ። አውሮፕላን ወጥቶ በወረደ ቁጥር አካሉ ይነፋና ይሟሽሻል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ በመስኮትና በመክፈቻ ጥግ ያለች ጥቃቅን ስንጥቅ ጥቂት ጥቂት ትረዝማለች። ይህም የብረታ ብረት ድካም ይባላል። ዛሬ የአውሮፕላን መስኮት ጥጉ ክብ የሆነው ለጌጥ አይደለም።

ሰ) ከጭቃ ቤት እስከ አርማታ

ስንጥቅን ማገድ የሚቻልበትን ዘዴ ግን ገበሬያችን ከማንም መጽሐፍ ሳይማር ሲሠራበት ኖሯል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ቤት የሚመርግ ሰው የጤፍ ጭድ ደባልቆ ያቦካዋል። ስንጥቁ ሲነሣ በመንገዱ ላይ ጭድ ያገኛል፤ ጭዱን ለመበጠስ ወይም ከጭቃው ነቅሎ ለመጎተት ተጨማሪ ኀይል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ይቆማል። ጭድ ለብቻው ግድግዳ አይሆንም፤ ጭቃ ለብቻው ይፈርሳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከሁለቱም የተሻለ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል። በዘመናችን ለአውሮፕላንና ለጀልባ የሚሠራው ባለ ክር ፕላስቲክም በመሠረቱ የዚሁ የጭቃ ቤት ዘመድ ነው።

አርማታም እንዲሁ ነው። የረጋ ሲሚንቶ እንደ ድንጋይ ጭምቀትን ይችላል፥ ውጥረትን ግን አይችልም፤ የሚችለው የጭምቀቱን አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውጥረት በሚመጣበት በኩል ፌሮ ይገባበታል። ሁለቱን ለማጋባት ያስቻለ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ፤ ብረትና ሲሚንቶ በሙቀት ጊዜ የሚረዝሙት እኩል ለማለት በሚቻል መጠን ነው፤ 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት በአንድ ዲግሪ ሙቀት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ ባይሆን ኖሮ ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ በተፈራረቀ ቁጥር አንዱ ከሌላው እየተላቀቀ ሕንፃው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፈረሰ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። በሁለት ጫፍ በተደገፈ አግዳሚ ላይ ውጥረቱ የሚመጣው ከታች በኩል ስለሆነ ዋናው ፌሮ ከታች ይገባል። ከግድግዳ ወጥቶ በአየር ላይ በተንጠለጠለ ሰገነት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጫፉ ወደ ታች ሊወርድ ሲል የሚወጠረው ከላይ ያለው ፊት ነው፤ ስለዚህ ፌሮው ከላይ መሆን አለበት። ከላይ የተዘረጋው ፌሮ በደንብ ሳይደገፍ ሠራተኞች ሲረማመዱበት ወደ ታች ሰጥሞ ሲሚንቶው ቢፈስበት፥ በውጭ ሲያዩት ያማረ ሰገነት ይሆናል። ብረቱ አልጎደለም፤ ሲሚንቶውም አልጎደለም፤ ነገር ግን ብረቱ ያለው በማያስፈልግበት ቦታ ነው። ሰው ተሰብስቦ በቆመበት ቀን የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ስለ ፌሮው ብዛት የሚከራከር ብዙ ነው፤ ስለ ፌሮው ቦታ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሰውን ነፍስ ትወስናለች።

ሸ) መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንሰበስበው ፍሬ ነገር ይህ ነው። አንድ ነገር «ጠንካራ ነው» ሲባል አራት ጥያቄ እንጠይቅ። ይጫራልን? ይጎብጣልን? ምን ያህል ይሸከማል፥ በጭምቀት ነው ወይስ በውጥረት? ስንጥቅ ቢያገኘውስ ምን ይሆናል? የስኬነክታዲ ሠሪዎች ሦስተኛውን ጠይቀው አራተኛውን ረሱ፤ በዚህም መርከባቸው ተሰበረች።

ላቦራቶሪ የለንም ብሎ ማመካኘት አይገባም። አንድ ጠመኔ፣ አንድ ሽቦ፣ አንድ የጨው ቅንጣት፣ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ካለን አራቱንም ጠባዮች ዛሬ ማታ በመኝታ ክፍላችን ልንፈትን እንችላለን። ጠመኔውን ከማጎበጥ ይልቅ እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዘን ብንሰብረው ስብራቱ ጠምዛዛ ሆኖ ይታያል። ለምን እንዲያ እንደሆነ ከላይ ስለ ውጥረት ያልነውን ይዞ የሚያስረዳ ተማሪ ቢኖር መልሱን ወደ ዝግጅት ክፍሉ ይላክልን።

ስለ ቃላቱም እንዲሁ። አልጫር ባይነት፣ ግትርነት፣ ብርታት፣ አልሰበር ባይነት ብለን የሰየምናቸው ለውይይት ያህል ነው። ከግንበኛው፣ ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋ አፍ የተሻለ ቃል የሰማ ሁሉ ያምጣልን፤ ለሰገነቱ ሥራ የቆመው ሠራተኛ የሚያደምጠው መሐንዲሱ በሚናገረው ባዕድ ቃል ሳይሆን ራሱ በሚናገረው ቋንቋ ነውና።